አንዱን ሊግ ያዳነ፣ ሌላው ሊግ የፈረሰበት ‹‹ጋላቢው መንፈስ››

በ1920ዎቹ አሜሪካ የስፖርት ጀግኖች ሲቆጠሩ ቀድመው የሚነሱት ከቤዝቦል ቤብ ሩት፣ ከቦክስ ጃክ ዴምፕሲ፣ ከአሜሪካ ፉትቦል ደግሞ ሃሮልድ ግሬንጅ ነበሩ። ግሬንጅ በፀጉሩ ቅላት የተነሳ ‹‹ሬድ›› ይባላል። ያዝነው ያሉት ተከላካዮች ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ደግሞ ጋዜጦች ‹‹ጋላቢው መንፈስ›› የሚል ሌላ ስም አወጡለት። ዛሬ 32 ክለቦችን የያዘውና በገቢ ከዓለም ሊጎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ኤን.ኤፍ.ኤል. በእግሩ እንዲቆም ካደረጉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ ግን ሌላም ገጽ አለው። ኤን.ኤፍ.ኤልን ባዳነ በዓመቱ በእሱ ስምና ዝና ላይ ብቻ የቆመ ሌላ ሊግ ተመሠረተ። ሊጉ በዘጠኝ ክለቦች ተጀመረ፣ አራት ብቻ ቀርተውት ውድድሩን ጨረሰ፣ ሁለተኛ የውድድር ዘመኑን ሳያይም ፈረሰ። ግሬንጅም የዚያን ጥድፊያ ዋጋ በጉልበቱ ከፈለ።

የበረዶው ልጅ

ግሬንጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1903 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ፎርክስቪል በምትባል ትንሽ መንደር ነው። አባቱ በእንጨት ቆራጮች ካምፕ አለቃ ሆነው ይሠሩ ነበር። እናቱ ሲሞቱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። አባትየው ልጆቻቸውን ይዘው ዘመዶቻቸው ወደሚኖሩባት በቺካጎ አቅራቢያ ወደምትገኘው ዊተን ከተማ መጡ። እዚያም ፖሊስ ሆኑ፤ ኋላ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ለመሆን ቢበቁም ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነበር።

በዚያ ዘመን ፍሪጅ በየቤቱ የለም። ሰው ምግቡን ከብልሽት የሚያድነው በትልልቁ እየተቆረጠ በሚሸጥ በረዶ ነው። ሬድ ክረምት ክረምት እነዚያን ከባድ በረዶዎች በትከሻው ተሸክሞ በየቤቱ ማድረስ ሥራው ሆነ። ደረጃ መውጣት መውረዱ እግሩን፣ ሸክሙ ደግሞ ትከሻውን አፈረጠመው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፎቶው በየጋዜጣው መውጣት ከጀመረ በኋላ እንኳ ትምህርት ሲዘጋ ወደ በረዶው ይመለስ ነበር። ‹‹የዊተኑ በረዶ አመላላሽ›› የሚለው ስሙም እስከ መጨረሻው አብሮት ኖሯል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 75 ጊዜ አግብቷል። ከዚያ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገባና በአሰልጣኝ ቦብ ዙፕኪ ሥር 77 ቁጥር ማሊያ ለበሰ።

አራት ጎል በ12 ደቂቃ

ለእግር ኳስ አፍቃሪ ነገሩ እንዲገባ ያህል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ከአንዱ የጎል መስመር እስከ ሌላው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ አሥራ አንዱ ተጋጣሚዎች ደግሞ እሱን ጎትተው ለመጣል ይረባረባሉ። የተቃራኒ ቡድን የጎል መስመር ጋር መድረስ ተችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። በአንድ ጨዋታ ሁለቴ ያገባ ተጫዋች በጣም ጥሩ ቀን ዋለ ይባልለታል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1924 ኢሊኖይ አዲሱን ሜሞሪያል ስታዲየም ሲያስመርቅ የተጋበዘው ኃያሉ ሚችጋን ነበር። ወደ 67 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። ጨዋታው ሲጀመር ሚችጋኖች የለጉትን የመጀመሪያ ኳስ ግሬንጅ ተቀበለና 95 ያርድ ሮጦ አገባ። ተመልካቹ ጩኸቱን ሳይጨርስ 67 ያርድ ሮጦ ደገመ፣ በ56 ሠለሰ፣ በ44 አራተኛውን ጨመረ። ይህ ሁሉ የሆነው በ12 ደቂቃ ውስጥ ነው። አሰልጣኙ አስወጥተው አሳረፉት። በኋላ ተመልሶ አምስተኛውን አገባና ስድስተኛውን ለጓደኛው ወርውሮ አስቆጠረ። ጨዋታው በኢሊኖይ 39 ለ 14 አሸናፊነት ተፈጸመ።

በቀጣዩ ዓመት ጭቃ በሆነው የፊላደልፊያ ሜዳ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን ገጥሞ በአንድ ጨዋታ 363 ያርድ ተጓዘ። የምሥራቁን የጋዜጣ ሰዎች አፍ ያስያዘው ይህ ጨዋታ ነው። በዚያው ወር ታይም መጽሔት ፎቶውን በሽፋኑ ይዞ ወጥቷል።

አጅሬ ፓይል

የሚገርመው በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፉትቦል ማለት የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ማለት ነበር። በገንዘብ መጫወት እንደ ነውር ይታያል። ኤን.ኤፍ.ኤል. እ.ኤ.አ. በ1920 በኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ ቢመሠረትም ክለቦቹ ዛሬ ተከፍተው ነገ የሚዘጉ፣ ጥቂት ሺህ ሰው ከመጣላቸው ደስ የሚላቸው ነበሩ። ተጫዋቾቹ በጨዋታ 100 ወይም 200 ዶላር አግኝተው ሰኞ ወደ መደበኛ ሥራቸው ይሄዳሉ።

በዚህ መሐል ነው ሲ.ሲ. ፓይል የሚባለው ሰው ግሬንጅን ጠጋ ያለው። ፓይል ዩኒቨርሲቲው ባለበት ሻምፔይን ከተማ የሲኒማ ቤቶች ባለቤት ነበር። ሽክ ብሎ የሚለብስ፣ አፉ የሚጥም፣ ገንዘብ ከሩቅ የሚሸተው ነጋዴ። ሁለቱን የስሙን ፊደላት ይዘው ‹‹ካሽ ኤንድ ካሪ›› አሉት፤ ከፍለህ ውሰድ እንደ ማለት ነው። ለተጫዋች ወኪል ሆኖ በመደራደር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል። በድብቅም ከቺካጎ ቤርሶቹ ባለቤቶች ከጆርጅ ሃላስና ከደች ስተርናማን ጋር ተስማማ።

ግሬንጅ ፊት ሁለት መንገድ ተደቀነ። አንደኛው ትምህርቱን ጨርሶ በክብር መመረቅ ነው። ሌላኛው በረዶ ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን የማያገኘውን ገንዘብ በሁለት ወር መዝረፍ። አሰልጣኝ ዙፕኪ እንዲተወው አጥብቀው ቢነግሩትም ልጁ ወይ ፍንክች አለ። በዚህ የተነሳ አሰልጣኙና ተጫዋቹ ለዓመታት ተኮራርፈው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1925 በኮሎምበስ ከኦሃዮ ስቴት ጋር 85 ሺህ ሰው ፊት የመጨረሻውን የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ አደረገ። በአምስተኛው ቀን የቤርስን ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገባ።

በ67 ቀን 19 ጨዋታ

ኖቬምበር 26 የምስጋና ቀን ነበር። ቤርስ ከከተማው ተቀናቃኝ ካርዲናልስ ጋር ተጋጠመ። 36 ሺህ ሰው መጣ፤ በገንዘብ በሚጫወቱት ክለቦች ታሪክ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል ተመልካች አልታየም። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። የካርዲናልሱ ፓዲ ድሪስኮል ኳሱን ሁልጊዜ ከግሬንጅ አርቆ ይመታ ስለነበር ከራሱ ከተማ ሕዝብ ጩኸት ወረደበት። ሰው የከፈለው ግሬንጅ ሲሮጥ ለማየት ነበርና!

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሰው አካል የሚከብድ ጉዞ ነው። ቤርስ በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞረ በ67 ቀን ውስጥ 19 ጨዋታ አደረገ። ዲሴምበር 6 በኒውዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ከ65 ሺህ በላይ ሰው ተገኘ። የጃይንትስ ባለቤት ቲም ማራ ክለቡን በዚያው ዓመት በ500 ዶላር ገዝቶ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። የአንድ ቀን ትኬት ዕዳውን ከፈለለት፣ ክለቡንም ከመዘጋት አዳነው። ግሬንጅ የተጋጣሚን ኳስ ቀምቶ 35 ያርድ ሮጦ አግብቷል፤ ቤርስ 19 ለ 7 አሸነፈ።

አካሉ ግን አልቻለም። ቦስተን ላይ ሲያቅተው ተጮኸበት፣ ፒትስበርግ ላይ ክንዱ ተጎዳ። ዲትሮይት ላይ እንደማይሰለፍ ሲሰማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ትኬቱን መልሶ ገንዘቡን ተቀበለ። ይህ ለፓይል ማስጠንቀቂያ መሆን ነበረበት። አጅሬ ግን ያየው ሌላውን ነው። ጃንዋሪ 1926 ሎስ አንጀለስ ላይ 75 ሺህ ያህል ተመልካች ገባ። ጉዞው ሲያልቅም ግሬንጅ ከ100 ሺህ ዶላር የማያንስ ገንዘብ ይዞ ተመለሰ።

ማራ እምቢ አለ

ፓይል ከዚህ በኋላ በደመወዝና በትኬት ድርሻ አልረካም። ግሬንጅ በቤርስ እንዲቀጥል የክለቡን አንድ ሦስተኛ ባለቤትነት ጠየቀ። ሃላስና ስተርናማን ክለባችንን ለማንም አንቆርስም ብለው መለሱት። ፓይል ወደ ኒውዮርክ አቀናና ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመት የሆነውን ያንኪ ስታዲየምን ለፉትቦል ተከራየ። ከዚያም በፌብሩዋሪ 1926 የኤን.ኤፍ.ኤል. ስብሰባ ላይ ቀርቦ አዲስ የኒውዮርክ ክለብ እንዲፈቀድለት አመለከተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሊጎች ክለብ የሚገዛ ሰው አብሮ የሚገዛው ከተማውን ጭምር ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ሌላ ክለብ በግዛቱ አይገባም። ኒውዮርክ ደግሞ የማራ ነው። ያንኪ ስታዲየም ከፖሎ ግራውንድስ የሚለየው ወንዝ ብቻ ነው፤ አንዱ ሜዳ ከሌላው ይታያል። ግሬንጅ ከሁለት ወር በፊት ያዳነው ማራ አሁን ግሬንጅ ጎረቤቱ እንዳይሆን እምቢ አለ። ሊጉም የማራን መብት አከበረ። በዚያው ሰሞን ኤን.ኤፍ.ኤል. የትምህርት ጓደኞቹ ሳይመረቁ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋችን ማስፈረም የሚከለክል ደንብ አወጣ። የደንቡ መነሻ የግሬንጅ ዝውውር ነበር።

ፓይል ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሊግ ከከለከሉኝ የራሴን ሊግ አቋቁማለሁ በሚል መንፈስ አሜሪካን ፉትቦል ሊግን መሠረተ።

ዘጠኝ ሆነው ገቡ፣ አራት ሆነው ወጡ

ለፕሬዚዳንትነት የተመረጠው የቀድሞው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ‹‹ቢግ ቢል›› ኤድዋርድስ ነው። ዘጠኙ ክለቦች የግሬንጁ ኒውዮርክ ያንኪስ፣ ብሩክሊን ሆርስመን፣ ኒዋርክ ቤርስ፣ ቦስተን ቡልዶግስ፣ ፊላደልፊያ ኩዌከርስ፣ ክሊቭላንድ ፓንተርስ፣ ቺካጎ ቡልስ፣ ሮክ አይላንድ ኢንዲፔንደንትስና ሎስ አንጀለስ ዋይልድካትስ ነበሩ። ሮክ አይላንድ ከኤን.ኤፍ.ኤል. ከድቶ የመጣ ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ በስም ብቻ የካሊፎርኒያ ሆኖ ውድድሩን በሰው ሜዳ እየዞረ የሚያደርግ ቡድን ነበር።

ጦርነቱ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር ገባ። የቺካጎ ቡልስ ባለቤት የቤርስ ኮከብ የነበረው ጆይ ስተርናማን ነው። ወንድሙ ደች የቤርስ ባለቤት ሆኖ እዚያው ቺካጎ ተቀምጧል። ቡልስ ካርዲናልስ ይጫወትበት የነበረውን ኮሚስኪ ፓርክ ቀድሞ በመከራየቱ ካርዲናልስ ወደ አነስተኛ ሜዳ ተባረረ። ገቢው ሲያሽቆለቁልም ድሪስኮልን ለቤርስ ሸጠ።

ኤን.ኤፍ.ኤልም ዝም አላለም። አዲሱ ሊግ ክፍት ቦታ እንዳያገኝ የክለቦቹን ቁጥር 22 አደረሰ። የስታንፎርዱ ኮከብ ኤርኒ ኔቨርስ ደግሞ ዱሉት ኤስኪሞስ ለሚባለው የኤን.ኤፍ.ኤል. ክለብ ፈርሞ ከከተማ ከተማ ይዞር ጀመር። ውጤቱ ለሁሉም መከራ ሆነ። ኒውዮርክና አካባቢዋ ብቻ ከሁለቱ ሊጎች አምስት ክለቦችን ተሸከሙ። ቺካጎ ሦስት፣ ፊላደልፊያ ሁለት ነበራቸው። የሚከፍለው ተመልካች ግን ያው የዓምናው ነው።

የፓይል ስሌት ቀላል ነበር። ያንኪስ የሄደበት ሜዳ ሁሉ ይሞላል፣ በዚያ ገንዘብ ሌላው ይኖራል ብሎ ነው። ችግሩ ግሬንጅ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው። በዚያው ቀን በሌሎቹ ከተሞች ወንበሩ ባዶ ነው። ቴሌቪዥን የለ፣ ስፖንሰር የለ፤ የክለብ ገቢ ማለት በር ላይ የሚሰበሰበው ሳንቲም ነው። የዚያ ዓመት መኸር ደግሞ ዝናብ በዝናብ ሆነና እሱም ቀረ። ግሬንጅን ለማየት ጓጉቶ የነበረውም ሰው ዓምና አይቶታል፤ ላላየውም ‹‹ዋን ሚኒት ቱ ፕሌይ›› የተባለው ፊልሙ ሲኒማ ቤት አለለት።

ኪሳራውን ለመሸፈን ፓይል ከራሱ ኪስ ማውጣት ጀመረ። በዚያው መኸር የፈረንሳይዋን የቴኒስ ንግሥት ሱዛን ሌንግለንን አስፈርሞ በአሜሪካ ያዞር ስለነበር ሐሳቡም ገንዘቡም ለሁለት ተከፍሏል። ክሊቭላንድና ኒዋርክ ቀድመው ወደቁ። ብሩክሊን ሆርስመን በኖቬምበር ከኤን.ኤፍ.ኤሉ ብሩክሊን ላየንስ ጋር ተዋሐደ። ቦስተንና ሮክ አይላንድም ተበተኑ። ውድድሩ ሲያልቅ የቀሩት ያንኪስ፣ ፊላደልፊያ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ብቻ ናቸው።

ዋንጫውን እንኳ የወሰደው የግሬንጅ ክለብ አልነበረም። ፊላደልፊያ ኩዌከርስ ስምንት አሸንፎ፣ ሁለት ተሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያንኪስ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ የመጨረሻው ፈተና መጣ። ዲሴምበር 12 ቀን 1926 የአዲሱ ሊግ ሻምፒዮን ኩዌከርስ በኤን.ኤፍ.ኤል. ሰባተኛ የወጣውን የማራን ጃይንትስ በፖሎ ግራውንድስ ገጠመ። በረዶ እየጣለ፣ 5 ሺህ የሚሆን ሰው ብቻ እያየ፣ ጃይንትስ 31 ለ 0 ቀጣው። ከዚህ በኋላ ሊጉን የሚያነሳ አልተገኘም።

በኤፕሪል 2021 12 የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ሱፐር ሊግ መሥርተናል ባሉ በቀናት ውስጥ ሲበተኑ፣ ቢያንስ በየከተማቸው መቶ ዓመት የሚከተላቸው ደጋፊ ነበራቸውና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የፓይል ክለቦች የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም።

ጉልበቱ

እ.ኤ.አ. በ1927 ኤን.ኤፍ.ኤል. ራሱም ከጦርነቱ ቆስሎ ክለቦቹን ከ22 ወደ 12 አወረደ። ያንኪስን ተቀበለው፤ ሆኖም የማራ ገበያ እንዳይነካ አብዛኛውን ጨዋታ ከሜዳው ውጪ እንዲያደርግ ተገደደ። ኦክቶበር 16 ያንኪስ ቺካጎ ላይ ቤርስን ገጠመ። ግሬንጅ ኳስ ሊቀበል ዘልሎ ሲወርድ የጫማው ጥርስ ሣሩ ላይ ተያዘ፤ የቤርሱ ጆርጅ ትራፍተን ላዩ ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ተጠማዘዘ። በወጉ ሳይድን ተመልሶ ተጫወተ፤ ፓይል ያለ ግሬንጅ ትኬት አይሸጥማ። የ1928ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አጣ። ያንኪስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈረሰ። ያ በአንድ እርምጃ አቅጣጫ ቀይሮ የሚሰወረው ሯጭ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ፓይል በ1928 ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒውዮርክ አገር አቋራጭ የእግር ሩጫ አዘጋጀ። 199 ሰዎች ተነሱ፣ 55 ደረሱ፤ የ20 ዓመቱ አንዲ ፔይን 25 ሺህ ዶላር አሸነፈ፣ ፓይል ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሞቷል።

ወደ ቤርስ መመለስ

በ1929 ሃላስ ግሬንጅን መልሶ ወሰደው። ግሬንጅ የድሮ ፍጥነቱ እንደሌለ ስላወቀ ሌላ ሙያ ተማረ፤ ተከላካይ ሆነ። በ1932 ቤርስና ፖርትስማውዝ ለዋንጫ ሲገናኙ ብርዱ በመክፋቱ ጨዋታው ቺካጎ ስታዲየም በሚባለው አዳራሽ ውስጥ፣ በ80 ያርድ ሜዳ ተካሄደ። ከብሮንኮ ናጉርስኪ የተወረወረለትን ኳስ ይዞ ያገባው ግሬንጅ ነው፤ ቤርስም 9 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር 17 የመጀመሪያው ይፋ የኤን.ኤፍ.ኤል. የፍጻሜ ጨዋታ ተደረገ። ተጋጣሚው የማራ ጃይንትስ ነው። ቤርስ 23 ለ 21 እየመራ በመጨረሻዋ ሰከንድ የጃይንትሱ ሬድ ባድግሮ ኳስ ይዞ አመለጠ። ጓደኛው ከጎኑ ይሮጣል፤ ፊታቸው የቀረው ግሬንጅ ብቻ ነው። እንደ ልማዱ እግሩን ቢይዝ ባድግሮ እየወደቀ ኳሱን ለጓደኛው ያቀብላል። ግሬንጅ ነገሩ ገብቶት ክንዱን ከነኳሱ አቅፎ ያዘው። ኳሱ አልወጣም፣ ዋንጫው ቺካጎ ቀረ። ሃላስ ይህን መከላከል ካያቸው ሁሉ ይበልጥ ያደንቀው እንደነበር ይነገራል።

በ1934 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ ሠራ፣ ለዓመታት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጨዋታ አስተላለፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ሊጀመር የታሰበ ሌላ አዲስ ሊግ ፕሬዚዳንት አድርጎት ነበር፤ ያ ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያደርግ ቀረ። ኤን.ኤፍ.ኤልን ተገዳድሮ የተሳካለት እ.ኤ.አ. በ1960 የተነሳው የስም ሞክሼው አሜሪካን ፉትቦል ሊግ ነው። እሱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበረው፤ ክለቦቹም ያን ገንዘብ እኩል ይካፈሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ክለቦቹ በሙሉ ኤን.ኤፍ.ኤል. ውስጥ ገቡ።

ግሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1963 የፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ ሆነ። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲም ቤርስም 77 ቁጥርን ለሌላ ተጫዋች አይሰጡም። እሱ ራሱ ስለ ዝናው ብዙ ማውራት የማይወድ ሰው ነበር። የመጨረሻ ዘመኑን ከባለቤቱ ጋር ፍሎሪዳ ውስጥ በጸጥታ አሳለፈ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1991 በዚያችው በፍሎሪዳ፣ ታምፓ ከተማ፣ 25ኛው ሱፐር ቦውል ተካሄደ። በ1925 በአንድ ቀን ትኬት ከመዘጋት የተረፈው ኒውዮርክ ጃይንትስ ቡፋሎ ቢልስን 20 ለ 19 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 28፣ ሬድ ግሬንጅ በሌክ ዌልስ ከተማ በ87 ዓመቱ አረፈ።